ስለ ቤት የእጅ ሥራ ጥቅም
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ሰው በቤቱ ሲኖር በየቀኑ የሚሠራው ሥራ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ግድ የሆነበት ሥራ ነው፤ ይኸውም ውሃ መቅዳት፥ እንጀራ መጋገር፥ ገበያ መውጣት፥ ልጅ ማጠብ፥ የተላኩትን ማድረስ ነው። ሁለተኛው ግን ግድ የሆነውን ከፈጸመ በኋላ በተረፈው ጊዜ እጁን የሚያፍታታበትና አሳቡን የሚያሳርፍበት ሥራ ነው፤ ይኸውም ፈትል መፍተል፥ ስፌት መስፋት፥ ጥልፍ መጥለፍ፥ እንጨት መጥረብና ይህን የመሰለው ሁሉ ነው። የመጀመሪያው ቤትን ያቆማል፤ ሁለተኛው ቤትን ያስጌጣል። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ሁለተኛው የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግር ስለ ሁለተኛው ይሆናል።

ምሳሌውም አያት ከሚባለው ሰፈር ይወሰዳል። አያት በአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳርቻ የሚገኝ ነው። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበረ፤ ዛሬ ግን በቅጥር የታጠሩ ቪላዎችና ሕዝቡ ኮንዶሚኒየም የሚላቸው፥ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረቡ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሞልተውበታል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መሥመርም የሚያበቃው በዚያ ነው። ለመንደር ትምህርት ቤት የከተማ ሰፈር ምሳሌ መሆኑ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አያት ትናንት ገጠር ነበረ፤ የዛሬውም ገጠር ነገ እንደ አያት ሊሆን ይችላል። በዚያ የጠፋውንና የተረፈውን ለይቶ የሚያይ መምህር በራሱ መንደር ምን መጠበቅ እንደሚገባው አስቀድሞ ያውቃል።

እንግዲህ ከባላገር መጥታ በአያት በአራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት እናት ትታሰብ። ማለዳ ተነሥታ ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛለች። ከዚያም ወርዳ ከጉሊት ሽንኩርትና ጎመን ትገዛለች፤ ጤፏን ወደ ወፍጮ ቤት ታደርሳለች፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን እንደ ሆነ በርሜሉንና ጀሪካኑን ትሞላለች። ከቀትር በኋላ ቡናዋን አፍልታ ከጎረቤቶቿ ጋራ ከጠጣች፥ ልጆቿ እስኪመለሱ ድረስ ጥቂት ጊዜ ይተርፋታል። ያን ጊዜ ሙዳይዋን አውጥታ በመስኮቱ አጠገብ ትቀመጥና እንዝርቷን ታሾራለች።

ይህ ሥራ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ቀላል ግን አይደለም። ጥጡ አስቀድሞ በመዳመጫ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ተባዝቶም ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚፈተለው። ፈታዪቱ ለድር የሚሆነውን ክር ጠበቅ አድርጋ፥ ለማግ የሚሆነውን ላላ አድርጋ ትፈትላለች፤ ድሩ በሸማኔው መሣሪያ ላይ ተወጥሮ የሚውል ስለ ሆነ ደካማ ከሆነ ይበጠሳልና። ጋቢ ደግሞ አራት ንብብር ስለ ሆነ ስንትና ስንት ልቃቂት እንደሚፈጅ አስቡ። ይህን በዓይኑ አይቶ ያደገ ልጅ ጋቢውን በጭቃ ላይ አይጥለውም፤ የሰው ድካም እንደ ሆነ ያውቃልና።

ክሩ በተጠናቀቀ ጊዜ እናቲቱ ልቃቂቷን በዘንቢል ይዛ በባቡር ከአያት እስከ መሐል ከተማ ትሄዳለች፤ ከዚያም በታክሲ ወደ ሽሮ ሜዳ ትወጣለች። ሽሮ ሜዳ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለ የሸማ ገበያ ነው፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ለብዙ ዘመን የሠሩበት ስፍራ ነው። እርሷ ፈትሏን ትሰጣለች፤ ሸማኔው ጥበቡን እያስገባ ይሸምናል፤ ጠላፊው ጥልፉን ይጠልፋል። በአንድ ልብስ ላይ የሦስትና የአራት ሰው እጅ ተባብሮበታል ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም በእንዲህ ያለው ኑሮ መካከል የተገኘ ቃል ነው።

የቤት የእጅ ሥራ የሚሰጠው ጥቅም ከዕቃው ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፥ ትዕግሥትን ያስተምራል። ስንደዶና አክርማ ለቅማ፥ አድርቃ፥ ከፊሉንም በቀለም ነክራ አለላ አድርጋ በወስፌ እየወጋች መሶብ የምትሰፋ ሴት፥ ዛሬ የጀመረችውን ዛሬ ለመጨረስ አትቸኩልም። በሁለተኛ፥ ቍጥርንና ልክን ያስተምራል። በሰፌድ ላይ ያለው ሐረግ ዞሮ ከመነሻው ጋራ እንዲገጥም አስቀድሞ መቍጠር ያስፈልጋል፤ አንድ ሰበዝ ያላግባብ የገባ እንደ ሆነ ስሕተቱ በዙሪያው ሁሉ ይታያል። በሦስተኛ፥ ማሰብን ያስተምራል። እጅ በሥራ ላይ ሳለ ልብ ነገርን ያብሰለስላል፤ ብዙ የቤት ጠብ በእንዝርት አጠገብ በርዷል፤ ብዙ መልካም ምክርም በዚያው ታስቧል።

የልቃቂት መጨረሻ ጫፍ ውል ይባላል። ውሉ የጠፋ እንደ ሆነ ክሩ ሁሉ በእጅ ላይ እያለ ምንም ሊሠራበት አይቻልም። ሰዎች ተስማምተው የሚያጸኑት ቃልም እንዲሁ ውል ይባላል። የእጅ ጥበብም ከእናት ወደ ልጅ፥ ከአረጋዊ ወደ ወጣት የሚተላለፍበት ውል አለው፤ እርሱም አብሮ መቀመጥ ነው። በመጽሐፍ ብቻ ተጽፎ እንዝርት ማሾርን የተማረ ሰው የለም፤ የሚማሩት በዓይን እያዩ፥ በእጅ እየሞከሩ ነው። ስለዚህ አንድ ትውልድ ብቻ ሳይቀመጥ የቀረ እንደ ሆነ ውሉ ይጠፋል። በአያት የሚያሠጋው ነገር ይህ ነው። ሰፌዱ በግድግዳ ላይ ለጌጥ ተሰቅሎ ይታያል፤ የሚሰፋው እጅ ግን በቤቱ የለም። ስንደዶ የሚለቀምበት ሜዳ ሕንጻ ሆኗል። ሸማ መስሎ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ከውጭ አገር ይገባል፤ ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ይገዛዋል። ልጆችም የተረፈውን ጊዜ በስልክ መስተዋት ላይ ዓይናቸውን ተክለው ያሳልፉታል።

በመንደር ያለው አደጋ ደግሞ ሌላ ነው፤ እርሱም ንቀት ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባስነገሩት አዋጅ ብረት የሚሠራውንና ሸማ የሚሸምነውን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ነገር ግን ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን በክፉ ስም የሚጠራ አንደበት ዛሬም በየመንደሩ አልጠፋም። በሠሩለት ገንቦ ውሃ እየጠጣ፥ በሠሩለት ማረሻ እያረሰ ሠሪውን የሚንቅ ሰው የገዛ ማዕዱን እንደሚሰድብ ይቈጠራል። ልጅ ይህን ስድብ ከአባቱ አፍ የሰማ እንደ ሆነ መምህሩ ስለ ሥራ ክቡርነት ቢናገር በከንቱ ይደክማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የቀድሞው ኑሮ ሁሉ መልካም ነበረ ማለት አይደለም። ብዙ ሴት ልጆች በፈትልና በወፍጮ ምክንያት ከፊደል ተለይተው ቀርተዋል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግር እናት በጭስ ዓይኗ ከሚጠፋ እናት ትሻላለች፤ የተረፋት ጊዜም የዚያ ትርፍ ነው። የእጅ ሥራ የተከበረ የሚሆነው ትምህርትን ሳይነካ፥ በፈቃድና በደስታ የተሠራ እንደ ሆነ ነው። ደግሞም ለሴት ልጅ ብቻ የሚጫን ዕዳ አይደለም። ሸማኔው ወንድ ነው፤ ጠላፊውም ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፤ ስለዚህ ወንድ ልጅ መርፌና ወስፌ ቢይዝ ነውር የለበትም።

ሌሎችም አገሮች ይህን አስበውበታል። በፊንላንድ በ1866 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በወጣው የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕግ የእጅ ሥራ ከንባብና ከቍጥር ጋራ የግድ ትምህርት ሆነ። በህንድም ማኅተማ ጋንዲ በ1937 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በዋርዳ በተደረገው ጉባኤ የልጆች ትምህርት በእጅ ሥራ ላይ ተመሥርቶ እንዲሰጥ አሳብ አቀረቡ። በአገራችንም የእጅ ሥራና ባልትና በትምህርት ቤት ይሰጡ የነበረበት ዘመን ነበረ።

እንግዲህ ምን ይደረግ የተባለ እንደ ሆነ፥ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። መምህሩ በሳምንት አንድ ሰዓት ለይቶ በመንደሩ በሙያ የታወቀችን አንዲት እናት ወደ ክፍል ይጋብዝ፤ እርሷም ፊደል ባትቈጥር እንደ መምህር ተከብራ ትቀመጥ። ክረምቱ በወጣ ጊዜ ልጆቹ ስንደዶና አክርማ ከሜዳ ይልቀሙ፤ ሲለቅሙም የሣሩን ዓይነት ይማሩ። የመሶቡን ዙሪያ በገመድ ለክተው በቍጥር ትምህርት ይሥሩበት። መዳመጫ፥ ደጋን፥ ባዘቶ፥ ልቃቂት፥ መወርወሪያ የሚባሉትን ቃላት እያንዳንዱ ልጅ ከነትርጓሜያቸው በደብተሩ ይጻፍ፤ ዕቃው ሲጠፋ ቃሉም አብሮ ይጠፋልና።

ሽማግሌዎችም ድርሻ አላችሁ። ልጅ ይህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ሂድ አትረብሸኝ አትበሉት፤ አጠገባችሁ አስቀምጡት፥ የተበላሸም ቢሆን ክሩን በእጁ አስይዙት። በእድርና በማኅበር በተሰበሰባችሁ ጊዜ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው ገሥጹ።

ከተማ ወደ መንደር መምጣቱ አይቀርም፤ መንገዱም ቤቱም መብራቱም ለሕዝብ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከተማው በደረሰ ጊዜ በመንደሩ ልጅ እጅ ላይ ጥበብ ተገኝቶ እንደ ሆነ እንግዳውን ባለሙያ ሆኖ ይቀበለዋል፤ ያልተገኘ እንደ ሆነ ግን በገዛ መሬቱ ላይ ገዢ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው ዛሬ በመምህሩ ክፍልና በሽማግሌው ደጅ ነው።