ሌንስ ከመግዛታችን በፊት ክፍላችንን እንለካ
(የምርት ፎቶግራፍ ቡድናችን በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያቀረበው ገለጻ)



ዛሬ የምንናገረው ካለፈው ጥምቀት በፊት ስለገዛነው ካሜራ ነው። ገንዘቡ ከቁጠባችን የወጣ ስለሆነ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ማወቅ ይገባችኋል። ካሜራው አልተበላሸም። የተሳሳትነው እኛ ነን። ስሕተቱን ከነምክንያቱ የምናስረዳው ሌላ እኅት እንዳትደግመው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። እንደምታውቁት በሽሮ ሜዳ ገበያ ደንበኛ ቀሚሱን በእጇ ዳስሳ፣ ዘርግታ፣ ለብሳ አይታ ትገዛለች። ውጭ አገር ያለችው ግን የምታየው ፎቶውን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በጠባቡ ክፍላችን ውስጥ ለባሿ ፊት ለፊት ተጠግተን፣ ስልኩን በዓይናችን ቁመት ይዘን እናነሣ ነበር። በፎቶው ላይ ራስና ትከሻ ገዝፎ፣ እግር አካባቢ ቀጥኖ ይታያል። አንዲት ደንበኛ «ቀሚሱ አጭር ነው፣ ጥለቱም ቀጭን ነው» ብላ ትእዛዟን ሰረዘች። ቀሚሱ አጭር አልነበረም፤ ጥለቱም ቀጭን አልነበረም።

ያን ጊዜ «ደኅና ካሜራ እንግዛ» አልን። ሻጩ ካሜራውን ከ18 እስከ 55 ከሚለው ሌንስ ጋር ሊሰጠን ነበር። እኛ ግን «ለሰው ፎቶ 50 ነው የሚሻለው» ሲባል ሰምተን ስለነበር ያንን ትተን ባለ 50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ወሰድን። ክፍላችን ገብተን ለባሿን አቁመን ስንመለከት ከጉልበቷ በታች የለችም! ወደ ኋላ ብንሸሽ ጀርባችን ግድግዳ ነካ። ሥዕሉን ያዩ አንዲት እናታችን «ልጆቼ፣ እኔ ስደክምበት የከረምኩት እግሩ ላይ ነው፤ እናንተ ያነሣችሁት ደረቱን ነው። የእኔ ሥራ የት አለ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ነው መማር የጀመርነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ አልሠራንበትም እንጂ።

የተማርነው ይህ ነው። በካሜራ ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ሥዕል የሚያደርግ ትንሽ አራት ማዕዘን አለ፤ ሴንሰር ይባላል። ሌንሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የትኩረት ርቀት ነው። ሩቅ ያለ ነገር ጥርት ብሎ እንዲታይ ሌንሱና ሴንሰሩ ሊኖራቸው የሚገባው ርቀት ነው ብላችሁ ያዙት። ምን ያህል ስፋት እንደምናይ የሚወስኑት ሁለቱ አብረው ነው።

ወደ እንጦጦ የሚያሳየውን መስኮታችንን አስቡ። ፊታችሁን መስኮቱ ላይ ብትለጥፉ ተራራውን ከዳር እስከ ዳር ታያላችሁ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብትሉ የሚታያችሁ ጥቂት ዛፍ ነው። ከመስኮቱ የራቃችሁት ርቀት ማለት የትኩረት ርቀቱ ነው፤ ሲረዝም እይታው ይጠባል። አሁን ደግሞ በቆማችሁበት ቆማችሁ የመስኮቱን ግማሽ በመጋረጃ ሸፍኑት። ተራራው አልተጠጋም፣ እናንተም አልተንቀሳቀሳችሁም፤ የምታዩት ግን ቀነሰ። ሴንሰር ሲያንስ የሚሆነው ይኸው ነው።

የሴንሰር መጠን ከካሜራ ካሜራ ይለያያል። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ የመጣው በፎቶ ቤቶች ከምናውቀው ከጥቅል ፊልም ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበችው የጀርመኗ ላይካ ካሜራ ልኩን በዓለም አስለመደችው። እኛ የገዛነው ዓይነት ግን ኤፒኤስ-ሲ ይባላል። በካኖን ካሜራዎች ወደ 22.3 በ14.9፣ በኒከን ወደ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው። የስልክ ሴንሰር ከሁሉም እጅግ ያነሰ ነው።

36ን ለ22.3 ብናካፍል 1.6 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ባለሙያዎች «50 ሌንስ በዚህ ካሜራ ላይ 80 ይሆናል» ይላሉ፤ 50 ሲባዛ በ1.6 ማለታቸው ነው። አባባሉ ግን እኛን አሳስቶናል። ሌንሱ 80 አይሆንም፤ 50 ምንጊዜም 50 ነው። እንጀራን አስቡ። ሌንሱ ክብ ሥዕል ይጋግራል፤ ሴንሰሩ ከዚያ ላይ የሚቆርሰው ቁራሽ ነው። ቁራሹ ቢያንስ እንጀራው አልተለወጠም። «80 ይሆናል» ማለት ፉል ፍሬም ላይ 80 ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ስፋት ብቻ ያሳያል ማለት ነው። «50 ለሰው ፎቶ ይሻላል» የሚለው ምክርም ውሸት አልነበረም፤ ስለየትኛው ሴንሰር እንደተነገረ አለመጠየቃችን ነው ጥፋቱ።

አሁን ወደ ክፍላችን እንግባ። ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። ለባሿ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፣ አንሺዋም መቆሚያ ትፈልጋለች። በካሜራና በለባሿ መካከል የሚተርፈው 3 ሜትር ነው። ካሜራውን አቁመን፣ ረጅሙን ጎን ከላይ ወደ ታች አድርገን እናስላ። 3 ሜትርን በ22.3 አባዝተን ለ50 ስናካፍል 1 ሜትር ከ34 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 1 ሜትር ከ65 የሆነች ሴት አትገባም። ያው ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ ቢሆን 2 ሜትር ከ16 ያሳይ ነበር፤ ከነጫማዋ፣ ከነጥለቷ ትገባ ነበር።

ከላይ ከታች ትንሽ ክፍት ቦታ ይኑር ብለን 2 ሜትር እንፈልግ። በእኛ ካሜራ በ50 ሌንስ 4 ሜትር ተኩል መራቅ አለብን፤ ክፍሉ አይበቃም። በ30 ሚሊ ሜትር ግን 2 ሜትር ከ70 ይበቃል። የተውነው ከ18 እስከ 55 ሌንስ ደግሞ 30ን በውስጡ ይዟል። እንግዲህ ርካሹን ንቀን የሚጠቅመንን ትተን መጣን ማለት ነው።

«ታዲያ 18 ላይ አድርገን ብንጠጋስ?» የምትል ትኖራለች። 1 ሜትር ከ60 ላይ ሆነን ማንሣት እንችላለን፤ ያን ጊዜ ግን የስልኩ ችግር ይመለሳል። የሰውን ቅርጽ የሚያዛባው ሌንሱም ሴንሰሩም ሳይሆን የቆምንበት ርቀት ነው። ስንጠጋ ፊት ከእግር ይልቅ ለካሜራው በጣም ይቀርባል፤ የቀረበው ይገዝፋል፣ የራቀው ያንሳል። 3 ሜትር ስንርቅ የራስና የእግር ርቀት ስለሚቀራረብ ቀሚሱ ልኩን ይይዛል። በዚህ ላይ ካሜራውን በወገብ ቁመት ቀጥ አድርገን ብንይዝ ጥለቱ እንደተሠራው ይወጣል።

ስልክ ብቻ ያላችሁ እኅቶች፣ ይህ ለእናንተም ይሠራል። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ በፉል ፍሬም ቋንቋ 26 ገደማ ነው። በ1 ሜትር ተኩል ሙሉ ሰው ያስገባል፤ ለዚህ ነው ሳናውቀው የምንጠጋው። አትጠጉ። 3 ሜትር ራቁና «2» የሚለውን ንኩ፣ ወይም አንሥታችሁ ዳር ዳሩን ቁረጡት። ስልኩ ለዚያ የተለየ ሌንስ ከሌለው ዝርዝሩ በመጠኑ ይቀንሳል፤ የቀሚሱ ቅርጽ ግን እውነተኛ ይሆናል።

50ው ሌንስ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ብርሃን በደንብ ስለሚቀበል ጥልፉንና ፈትሉን ቀረብ አድርጎ ለማሳየት እንጠቀምበታለን። ሙሉ ቀሚስ ሲሆን ግቢ እንወጣለን፤ እዚያ 4 ሜትር ተኩል ይገኛል። ክረምት ሲገባና ዝናቡ ሲይዘን ግን ግቢው አይሆንም። ስለዚህ ለስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያገለገለ ከ18 እስከ 55 ሌንስ ክረምት ሳይገባ ይገዛ። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሁለት አባላት የምንሠራበትን ቦታ በሜትር ለክተው ለስብሰባው ያቅርቡ።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ዕቃ ልትሰጡን ስታስቡ አስቀድማችሁ ክፍላችን ስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቁን። ውድ ሌንስ በጠባብ ክፍል የእናቶቻችንን ድካም ከጉልበት በታች ቆርጦ ያስቀረዋል።

ለእናታችን የተሟላውን ፎቶ ባለፈው ሳምንት አሳየናቸው። ጥለቱን በጣታቸው እየተከተሉ ቆይተው «አዎ፣ ይኸው ነው የእኔ ሥራ» አሉ።