ከወር አበባ ጋር የሚመጣው ማይግሬን

አድማጮቻችን፣ «የወር አበባዬ ሲደርስ ራሴን ይፈልጠኛል» የምትል ሴት ግማሹን ምርመራ ራሷ ጀምራዋለች። ቀሪው ሥራ የደብተርና የእስክሪብቶ ነው፤ ይህን ማይግሬን ለይቶ የሚያወጣ የደም ምርመራ የለም።

ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምደባ፣ ደም የታየበት ዕለት 1ኛ ቀን ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ እስከ 3ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ከሦስት ዑደት ቢያንስ በሁለቱ ማይግሬኑ ከተነሳ ከወር አበባ ጋር ይያያዛል። በእነዚህ አምስት ቀናት ብቻ ከመጣ «ንጹሕ የወር አበባ ማይግሬን» ይሉታል። በሌላ ጊዜም የሚነሳ ከሆነ «ተያያዥ» ነው፤ ብዙዎቹ ሴቶች ከዚህኛው ወገን ናቸው።

ዋናው ምክንያት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን መውረዱ ነው። ምደባው ታዲያ ለስም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቀኑ ከታወቀ ሐኪሙ ለእነዚያ ቀናት ብቻ የሚወሰድ መከላከያ ሊያዝ ይችላል።

እህቶቻችን፣ ሕመሙና ደሙ የጀመሩበትን ቀን ለሦስት ወር መዝግቡ። ከሕመሙ በፊት ዓይናችሁ ላይ ብልጭታ የሚታያችሁ ከሆነ ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪም ንገሩ፤ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ለእናንተ የስትሮክን አደጋ ይጨምራል።