«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»
(የመግቢያ ሙዚቃ)

የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ስልክ ስትገዙ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ የሱቅ ግድግዳ ላይ አይታችሁ ይሆናል። አያስፈራችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት፣ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስላችሁ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ሻጩ የሰጣችሁ ጋራንቲ ከዚህ የተሻለ ከሆነ በጋራንቲው ትጠቀማላችሁ። ቀለሙን ስላልወደዳችሁት ብቻ ግን አይሆንም።

ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት መሆኑ ያሳዝነኛል። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ሲባል ያጓጓል፤ ነገር ግን ከማን፣ መቼ እንደገዛችሁ የሚመሰክርላችሁ ደረሰኙ ነው። የጋራንቲ ካርድ ላይ ቀኑና ማህተሙ መኖሩን ከሱቁ ሳትወጡ እዩ። ምጣዱንም እዚያው አሰክታችሁ ሞክሩት።