የሚዛን ተፈሪና የቴፒ አገር፤ አቀማመጡና የሕዝቡ ብዛት
(በሬዲዮ የተነገረ)



«ይህ ከተማ ምን ያህል ሕዝብ አለው?» ብሎ መጠየቅ የአስተዳደር ሥራ መጀመሪያ ነው። የውሃው ቧንቧ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍል፣ የሐኪም ቤቱ አልጋ፣ የበጀቱም ድልድል ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ይነሣል። ነገር ግን አገሩን ሳያውቁ ቍጥሩን ብቻ መያዝ ብዙ ጊዜ ወደ ስሕተት ያደርሳል። ስለዚህ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ስለሚገኙት ስለ ሁለቱ ከተሞች፣ ስለ ሚዛን ተፈሪና ስለ ቴፒ፣ መሬቱንና ሕዝቡን አያይዤ ጥቂት ለማስረዳት አስቤአለሁ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል የሚሄድ መንገደኛ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሚዛን ተፈሪ ይደርሳል። ከተማዋ ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ዛሬ በመንግሥት መዝገብ ሚዛን አማን ትባላለች፤ የቤንች ሸኮ ዞንም ዋና ከተማ ናት። ከዚያ በመኪና መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ በሸካ ዞን፣ በየኪ ወረዳ፣ ቴፒ ትገኛለች።

የአገሩ አቀማመጥ እንደ ደረጃ ነው። በማሻ በኩል ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር የሚያልፈው ደጋ የእንሰት፣ የቀርከሃና የማር አገር ነው። ከዚያ ዝቅ ብላ ሚዛን በ1,450 ሜትር ገደማ፣ ቴፒ ደግሞ በ1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ወገን የቡና፣ የጎደሬ፣ የሙዝ፣ የኮረሪማና የዝንጅብል አገር ነው። ዝናቡ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ እምብዛም አያቋርጥም። ውሃውም በሁለት ይከፈላል። ጊሎ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከፒቦር ጋር ይቀላቀልና በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ሲገባ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው ውሃ ኦሞን ተከትሎ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። እንግዲህ በዚህ ተራራ ላይ የሚመነጠር ደን ጉዳቱ በአንድ መንደር ብቻ የሚቀር አይሆንም።

በዚህ መሬት የሚኖሩት ሕዝቦች ብዙዎች ናቸው። ቤንች፣ ሸኮ፣ ሸካቾ፣ ካፊቾ፣ መዠንግር፣ ሜኢኒት፣ ዲዚና ሱሪ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል መጥተው በንግድ፣ በእርሻና በመንግሥት ሥራ የተቀመጡትም ቍጥራቸው ቀላል አይደለም። ከእነዚህ ቋንቋዎች የቤንች፣ የሸኮ፣ የዲዚ፣ የሸካቾና የካፊቾ ከኦሞአዊው ወገን ሲመደቡ፣ የመዠንግር፣ የሜኢኒትና የሱሪ ደግሞ ከናይሎ ሳህራዊው ወገን ናቸው። ቤንችኛን የመረመሩት ሊቃውንት በዚህ ቋንቋ 6 የድምፅ ዐይነቶች እንዳሉ ጽፈዋል፤ ይኸውም አንዱ ቃል ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ፍቹ ይለወጣል ማለት ነው። ከመሀል አገር የተሾመ ሠራተኛ ባለጉዳዩ የተናገረውን በሚገባ የሚያስረዳለት አስተርጓሚ ከሌለው፣ ውሳኔው ትክክል ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የሚዛን አማን ሕዝብ ከ34 ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። በዚያው ጊዜ የቤንች ማጂ ዞን በጠቅላላው 652 ሺህ ያህል፣ የሸካ ዞን 199 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራቸው። ከዚህ የምንረዳው፣ በቤንች ማጂ ከነበሩት 20 ሰዎች መካከል በሚዛን ከተማ የሚኖረው አንዱ ብቻ እንደ ነበረ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ነገር ተለውጧል። ቤንች ማጂ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ከቦንጋና ከተርጫ ጋር ከአራቱ የክልሉ መቀመጫ ከተሞች ተቈጥረዋል። የሁለቱን ከተሞች ስም ያጣመረው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ብዙ ተማሪዎችን አምጥቷል። በዚህ መካከል በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ተላልፎ፣ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተላልፏል። የወሰኑ መሥመር ተለውጦ ሳለ ቍጥሩ የቀድሞው ሆኖ ከቀረ፣ በእርሱ የሚሠራው ዕቅድ ለየትኛው ከተማ ሊሆን ነው?

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። የ1999ኙ ቆጠራ በዚህ አገር የተካሄደው በግንቦት ወር ነው። በግንቦት በቡናው ቅርንጫፍ ላይ ያለው ገና አረንጓዴ ፍሬ ነው። ቀዩ እሸት የሚደርሰው ከመስከረም ወዲያ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከወላይታና ከከምባታ ብዙ ለቃሚዎች ይመጣሉ። ከሚዛን በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው የበበቃ የቡና እርሻ ወደ 10 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ይዞታ አለው፤ የቴፒውም እርሻ ከ6 ሺህ ሄክታር ይበልጣል። በዚህ ላይ የየገበሬው የጓሮና የጫካ ቡና ይጨመራል። ለቃሚው በከተማው ገበያ እህል ይሸምታል፤ ከከተማው ውሃ ይጠጣል። ከደጋ የወረደው ደግሞ ለወባ እንግዳ ስለ ሆነ፣ ሲታመም በከተማው ሐኪም ቤት ይተኛል። ቆጠራ የሚመዘግበው ኗሪውን ስለ ሆነ፣ ይህ ሕዝብ በከተማው መዝገብ አይገኝም። መድኃኒቱ በግንቦት ሕዝብ ልክ ተመድቦ በኅዳር ቢያልቅ፣ ጥፋቱ የበሽተኛው አይደለም።

ከተማን ከዙሪያው አገር ጋር አንድ አድርጎ ማየት በሌላም ዓለም የተሠራበት ነው። በካሪቢያን ባሕር ላይ ያለችው የጃማይካ ደሴት ዋና ከተማ ኪንግስተን በጠባብ የባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቈረቈረች ናት። ከኋላዋ እስከ 2,256 ሜትር የሚደርሱት ሰማያዊ ተራሮች ይነሣሉ፤ በዓለም ገበያ ዝነኛ የሆነው ቡናቸውም ከእነዚህ ተዳፋቶች ይለቀማል። ጃማይካውያን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1923 ኪንግስተንን ከሴንት አንድሩ አውራጃ ጋር በአንድ የማዘጋጃ አስተዳደር ሥር አጣመሩ። ስለዚህ የወደቡና የተራራው ሕዝብ በአንድነት ይታያል፤ በ2011 ቆጠራቸው ከ660 ሺህ በላይ ነበር። የዚያ ደሴት ቡና ዘሩ በሰው እጅ የሄደ ነው፤ የእኛ ግን በገዛ ደኑ ውስጥ የበቀለ ስለ ሆነ፣ ከተማውንና ደኑን አንድ ላይ ማሰብ ለእኛ ይልቁንም ይገባናል።

በከፋና በሸካ ያለው ደን የዐረቢካ ቡና ከተፈጠረበት አገር ክፍል ነው። ዩኔስኮም የከፋን ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በሕያዋን ጥብቅ ቦታነት መዝግቧቸዋል። ከተማ ሲሰፋ የቤት መሥሪያ እንጨትና የማገዶ ፍላጎት ይበዛል፤ መሬት ፈላጊውም ይበረክታል። ደኑን ከሩቅ የሚያይ ሰው ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት ይመስለዋል። ነገር ግን ቀፎው የተሰቀለበት ዛፍ፣ ኮረሪማው የሚለቀምበት ጥላ ሁሉ ከአባት የተወረሰ ባለመብት አለው። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒ ዙሪያ ከአስተዳደርና ከወሰን ጥያቄ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በወረቀት ላይ የሚሰመር መሥመር በዚህ አገር ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

እንግዲህ በእነዚህ ከተሞች ጉዳይ ላይ የሚፈርም የመንግሥት ሠራተኛ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በስፍራው፣ ሦስት ነገር አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። ቍጥሩ በየትኛው ዓመትና ወር የተወሰደ ነው? ለቃሚው ሕዝብ ታስቦለታልን? ይሰጥ የተባለውስ መሬት የማን ቀፎና የማን ቡና አለበት? መልሱን ለማግኘት የወረዳውን የጤና ጣቢያ መዝገብ መመልከትና የአገሩን ሽማግሌዎች በቋንቋቸው መጠየቅ ይበቃል። ይህም በጥቂት ቀን የሚፈጸም ሥራ ነው።