የጎማ ነፋስ ከደጋ እስከ ዓባይ በረሃ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጎማ ነፋስ ነው። አስፋልት ለለመደ ሰው ጉዳዩ ቀላል ሊመስል ይችላል። በመርጡለ ማርያም ዙሪያ ምጥ የያዛትን እናት ጭኖ ኮረኮንቹን ለሚወርድ የአምቡላንስ ሹፌር ግን ቀላል አይደለም። ጎማው ከልክ በላይ ከጠጠረ እናትየዋን ያንገላታታል፤ ከልክ በታች ከላላ ድንጋዩ ጎኑን ይቀደዋል፣ መኪናውም መንገድ ላይ ይቀራል። ልኩን የሚነግረን መለኪያ ነው፤ መለኪያው የሚያሳየውን ቁጥር እንዴት ማንበብ እንዳለብን ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

መርጡለ ማርያም ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ወሎ፣ ወደ መካነ ሰላም ለመሻገር ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ማለፍ ግድ ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ ጎማውን ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይፈታተኑታል። አንደኛው ሙቀት ነው። ጎማ ውስጥ የታሸገ አየር ግፊቱ፣ ሙቀት በጨመረ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው፣ በ1 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ ይጨምራል። ሁለተኛው ከፍታ ነው። መለኪያው የሚያሳየው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። የውጭው አየር በባሕር ጠለል ላይ 14.7 ፒኤስአይ ይጫናል፤ መርጡለ ማርያም ላይ ግን 11 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 1,000 ሜትር ስንወርድ፣ ከጎማው ምንም ነፋስ ሳይወጣ፣ ንባቡ በ1.5 ገደማ ይቀንሳል። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቁልቁለቱ ይቀንሳል።

ጉዳቱን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ሹፌር በደጋው ብርድ፣ በ15 ዲግሪ፣ ጎማውን 32 ሞልቶ ወረደ እንበል። ፍሬኑም፣ ኮረኮንቹም፣ ፀሐዩም ተጋግዘው ጎማውን 55 ዲግሪ ያደርሱታል። ወንዙ ዳር ቆሞ ሲለካ 36 ያነባል። «በዛ» ብሎ ወደ 32 ያስተነፍሰዋል። ደጋ ተመልሶ፣ መኪናው አድሮ፣ ጠዋት ቢለካው ከ29 በታች ያገኘዋል። ቆላ ላይ በሰዓቱ ያነበበው ቁጥር ውሸት አልነበረም፤ የጋለ ጎማ ቁጥር ነበር። በመኪናው በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ልክ ግን የሚናገረው ስለ ቀዘቀዘ ጎማ ነው። በነገራችን ላይ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ እሱን አይቶ መሙላት ትልቅ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ልክ የሚወሰደው ጠዋት ነው፤ መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ ፀሐይ አንዱን ወገን ሳታሞቀው። ለሳምንታት ቆላ የሚሠራ መኪናም እዚያው ቆላ፣ ጠዋት ይለካ።

አሁን ወደ መለኪያው ራሱ እንምጣ። ረዳቶች ጎማን በእርግጫ ወይም በብረት ሲመቱ ብዙ አይቻለሁ። ልማዱን አልንቅም፤ ከጭነት መኪና ጥንድ ጎማዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ተንፍሶ እንደሆነ በድምፁ ይታወቃል። 26ን ከ34 ለመለየት ግን ጆሮም እግርም አይችሉም። ሰዓት መሳዩ መለኪያ ውስጥ የተቆለመመ ቀጭን የብረት ቱቦ አለ። ፈረንሳዊው ኢዤን ቡርዶን በ1849 ያስመዘገበው ብልሃት ነው፤ አየር ሲገባበት ቱቦው ሊቃና ይሞክራል፣ ቀስቱን የሚያዞረውም ይኸው ነው። መለኪያው ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ግን ቱቦው ቅርጹን ያጣል፣ ቀስቱም ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሌላ ነው። ጎሚስታው ቤት ከጠዋት እስከ ማታ መሬት ላይ የሚጎተት መለኪያ ምን ያህል ጊዜ እንደወደቀ ማን ያውቃል?

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ዋልካ ሲረጥብ፣ ጎማው መሬቱን ሰፋ አድርጎ እንዲረግጥ ነፋስ ይቀነሳል፣ አንዳንዴ እስከ 18። እዚህ ላይ ትልቁ የጭነት መኪና መለኪያ ያታልላል። ስሕተቱ የሚቆጠረው መለኪያው ሊያነብ ከሚችለው ትልቁ ቁጥር ነውና፣ እስከ 160 የሚያነብ መለኪያ በ3 በመቶ ቢሳሳት ወደ 5 ፒኤስአይ ይሆናል። 18 ያልነው 13 ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ልክ ጎማው በጠባብ መታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። እስከ 60 የሚያነበው ግን በዚሁ 3 በመቶ ከ2 ያነሰ ነው የሚሳሳተው። እኔ ብጠየቅ፣ ገጠር የሚወጣ መኪና ሁሉ ይህን ትንሹን መለኪያ በጨርቅ ጠቅልሎ እንዲይዝ እመክራለሁ። ጭቃው ሲያልቅ ደግሞ፣ ፍጥነት ሳይጨመር፣ ነፋሱ መመለስ አለበት።

አለካኩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቫልቩ አፍ ከጭቃ ይጸዳ፣ መለኪያው ቀጥ ብሎ ይጫን፤ «ሽ» የሚል ድምፅ ካለ ያ ንባብ አይቆጠርም። ሁለቴ ተለክቶ ቁጥሩ ካልገጠመ ሦስተኛ ይለካ። ባር የሚያነብ መለኪያ የያዘ ደግሞ 2.4 ባር ወደ 35 ፒኤስአይ መሆኑን ይያዝ።

ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና ለሹፌሮች ማኅበራት አንድ ሐሳብ አለኝ። ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ አንድ ጥሩ መለኪያ ገዝታችሁ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። እሱ ለሥራ አይውጣ፤ ሹፌሮችም ጎሚስታዎችም በየጊዜው እየመጡ የራሳቸውን መለኪያ በአንድ ጎማ ላይ ከእሱ ጋር ያስተያዩ። 3 የሚያጎድል መለኪያ ጀርባው ላይ «3 ያጎድላል» ተብሎ ከተጻፈበት፣ እሱም ለጊዜው ይሠራል።