ቤት ውሎ መሥራት፦ ጥቅሙና ጉዳቱ

(ደሴ ላይ ለተማሪዎች ኅብረት አባላት የተደረገ ንግግር)



የንግግራችን ርእስ በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ከመካከላችሁ አንዳንዶች መምህር የሚሰጠው የቤት ሥራ መስሏችሁ እንደ ነበር ሰምተናል። ሌሎቻችሁም ስለ ቤት ሠራተኞች ኑሮ የምንናገር መስሏችሁ ነበር። አይፈረድባችሁም፤ ቋንቋችን ለዚህ ነገር ገና የረጋ ስም አላወጣለትም። እኛ የምንናገረው ለሌላ ሰው ወይም ለድርጅት እየሠራ፣ ዋጋውንም እየተቀበለ፣ ነገር ግን ወደ ቢሮም ሆነ ወደ ፋብሪካ ሳይሄድ በገዛ ቤቱ ስለሚውል ሰው ነው።

አያሌ ሰዎች ይህ አሠራር ከኮሮና ጋር የመጣ አዲስ ሥልጣኔ ይመስላቸዋል። እርግጥ ነው፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ በተወሰነ ጊዜ ነገሩ በየአፉ ገባ። ዳሩ ግን እናቶቻችን ጥጡን ፈልቅቀውና ፈትለው ድሩንና ማጉን ለሸማኔ ሲሰጡ፣ ሸማኔውም በቤቱ ከቆፈረው ጉድጓድ እግሩን ከትቶ ሲሸምን፣ የትኛው ቢሮ ነበራቸው? የዓለም የሥራ ድርጅት በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 260 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤታቸው ይሠሩ እንደ ነበር ገምቷል፤ ከእነዚህም የሚበልጡት ሴቶች ናቸው። እንግዲህ ኮምፒውተር የያዘው ወጣት የዚህ ትልቅ ቤተሰብ የመጨረሻ ልጅ ነው እንጂ አባቱ አይደለም።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት እኛ አራት ተማሪዎች ከፒያሳ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሥራ ያዝን። ሥራው የተቀዳ የአማርኛ ንግግር እያዳመጡ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነበር።

ጥቅሙን መደበቅ አይገባንም። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍነው ከበር መውጣት ያስጠላል። ኮምቦልቻ የሚሠሩ ጓደኞቻችን ገና ሳይነጋ ተነሥተው በሚኒባስ ሐረጎን ሲወርዱ፣ እኛ ጋቢ ተከናንበን ሥራችን ላይ ነበርን። የትራንስፖርት ወጪ የለም፤ ቆሞ የሚቆጣ አለቃም የለም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ከመካከላችን የአንዱ እናት በዚያ ክረምት ታመው ስለ ነበር፣ እርሱ ሥራውን ቤቱ ወስዶ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እየሰጠ፣ ሌሊት ሲተኙ ይገለብጥ ነበር። ይህን የሚፈቅድ ፋብሪካ አናውቅም።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። በአገራችን ቤት የዋለ ሰው ሥራ እንደ ፈታ ይቆጠራል። አከራያችን እጅግ ደግ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን በሩ ተከፍቶ ባዩን ቁጥር «ልጆቼ፣ እቤት ከዋላችሁማ እስቲ ይችን ጆንያ አግቡልኝ» ይሉናል። ጆንያው ከገባ በኋላ ቡና አለ። የወሎን ቡና ደግሞ አቦሉን ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፤ ቶናውም በረካውም ይጠበቃል። ሥራ አለብን ብንል «የምን ሥራ? ተቀምጣችሁ አይደል እንዴ!» ይሉናል፤ እውነትም ተቀምጠናል። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ተካዮቹ እኛ ነን፤ የቢሮ ሠራተኛ ፈቃድ አልተሰጠኝም ይላል፣ ቤቱ የሚውል ሰው ግን ፈቃድ የሚጠይቀው ከማን ነው? ይህን ለማማረር አልተናገርነውም። ጎረቤት የሚጠቀምብን መሆናችን አስደስቶናል፤ የዚያ ቀን ዋጋ ግን ከእኛው ኪስ ነው የወጣው።

መብራት ሲጠፋም እንደዚሁ ነው። በፋብሪካ መብራት ቢጠፋ ችግሩ የአሠሪው ነው። በእኛ ቤት ሲጠፋ ኮምፒውተራችንን ብብታችን ሥር አድርገን ወደ ፒያሳ ካፌ እንሮጣለን፤ ከሶኬቱ አጠገብ ለመቆየት ማኪያቶ በላይ በላዩ እናዛለን፤ ማታ ሒሳብ ስናደርግ የቀኑን ትርፍ ጠጥተነው እናገኘዋለን። ከእኛ በፊት ይህን ሥራ የጀመሩ ልጆች የደረሰባቸው ደግሞ የከፋ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ ገሚሶቹ ሥራቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተሰደዱ፤ ገሚሶቹም ተዉት። ከቤት ሳይወጡ ለመኖር የያዙት ሥራ ከቤታቸው አስወጣቸው።

ክፍያውስ? የአንድ ሰዓት ንግግር ለመገልበጥ እስከ አምስት ሰዓት ይፈጅብናል፤ የሚከፈለን ግን በንግግሩ ርዝመት ነው። አንድ ቀን የሦስት ቀን ሥራችን «አልተቀበልነውም» ተብሎ ተመለሰ። ምክንያቱን ብንጠይቅ መልስ የለም። በር የሚንኳኳበት ቢሮ፣ ሰላምታ የሚሰጡት ጸሐፊ፣ የሚለመን አለቃ የለም። ተቆጪ አለቃ ባለመኖሩ ደስ ብሎን የነበርነው ልጆች የዚያን ቀን አለቃ ናፈቀን።

በዚያው ግቢ አንዲት ጥልፍ ጠላፊ ይኖራሉ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ከፒያሳ ነጋዴ ጨርቅ እየተቀበሉ የቀሚስ አንገትና እጅጌ ይጠልፋሉ፤ የሚከፈላቸውም በቀሚስ ነው። መርፌው፣ መብራቱ፣ ወንበሩ የርሳቸው ነው። ልጅ በቆሸሸ እጁ ጨርቁን ከነካው ከዋጋው ይቀነሳል። ቢሆንም ሥራውን ይወዱታል፤ ልጆቻቸውን እያዩ ስለሚሠሩ ኮምቦልቻ ሄደው በፋብሪካ መቀጠርን አልፈለጉም። እኛ የሦስት ቀን ሥራችን የተመለሰ ዕለት ቡና አፍልተው ጠሩንና «አብሽሩ ልጆቼ፤ የኔም ነጋዴ እንዲሁ ነው፤ የናንተው ብቻ ሩቅ ነው» አሉን። በዩኒቨርሲቲ ከተማርነው ብዙ ነገር ይልቅ ይህች ቃል ሁኔታችንን አስረዳችን።

እትዬ ጽሕፈት አያውቁም። ያስረከቡትን ቀሚስ ከበሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል እየሰመሩ ይቆጥሩ ነበር። ለበዓል አከራይዋ ግቢውን በሙሉ ኖራ ሲያስቀቡ መስመሩ ሁሉ ተሸፈነ። እትዬ 14 ቀሚስ ነው አሉ፤ ነጋዴው ደብተሩን ገልጦ 11 ነው አለ። የተከፈላቸው የ11 ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ ነበር አንዱ ጓደኛችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ፈልጎ ያመጣው። አንቀጽ 46 እነሆ ስለ እኛ ይናገራል! ማንም ሰው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ሌላ ቦታ፣ የአሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ሳይኖርበት፣ በደመወዝ ዘወትር ቢሠራ የቤት ውስጥ ሥራ ውል አለ ይላል። ከዚህም በላይ፣ አሠሪው ጥሬ ዕቃውን ለሠራተኛው ሸጦ የተሠራውን መልሶ የሚገዛ ቢሆን፣ ያም እንደዚሁ የቤት ውስጥ ሥራ ውል ሆኖ ይቆጠራል፤ «እኔ ጨርቅ ሸጥኩላት እንጂ አልቀጠርኳትም» የሚል ነጋዴ ማምለጫ የለውም ማለት ነው። አሠሪውም የሰጠውን ዕቃ፣ ያዘዘውን ሥራ ብዛትና ዓይነት፣ የሚረከብበትን ጊዜ፣ የሚከፍለውን ዋጋ የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝ ሕጉ ያዛል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ እትዬ በከሰል ይቆጥራሉ።

መቼም ፋብሪካን ከቤት የምናስበልጥ እንዳይመስላችሁ። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ የነበሩ እኅቶች የኪራዩን መክበድና የደመወዙን ማነስ ነግረውናል። ነገር ግን አንዲቱ ጣቷን መርፌ ቢወጋት ጎኗ ያለችው ታያለች፤ ዋጋ ቢቀነስባት አብረው ይጠይቃሉ፤ ማኅበርም ማቋቋም ይችላሉ። እትዬ ግን ሦስት በር አልፎ ለዚያው ነጋዴ የሚጠልፉ ሌላ ሴት እንዳሉ ያወቁት እኛ ስንነግራቸው ነው። ሁለቱ ለአንድ ዓይነት ቀሚስ የሚከፈላቸው ዋጋ የተለያየ ነበር።

ስለዚህ አንድ ደብተር ገዛን። አምዶቹን ከአዋጁ ወስደን አሰመርን፦ የተሰጠው ጨርቅና ክር፣ የታዘዘው ሥራ፣ የተረከበበት ቀን፣ ዋጋው፣ የሁለቱ ፊርማ። እትዬ ጣታቸውን ቀለም ነክተው ያትማሉ። ነጋዴው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ እትዬም «ፊርማ ከሌለ ጨርቁን አልቀበልም» ብለው ተነሡ። ሦስት በር አልፎ ያሉት ሴትም እንደርሳቸው አሉ። በሳምንቱ ፈረመ።

ለእኛ ሥራም ተመሳሳይ ደብተር ይዘናል። የገለበጥነው ሰዓት፣ የተከፈለው፣ የተመለሰብን ሁሉ ተጽፎበታል። የአሠሪው ፊርማ አምድ ግን እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ ባሕር ማዶ ላለ አሠሪ ይህን አዋጅ ማን እንደሚያነብለት ለሕግ ተማሪዎቻችን ጠይቀን መልሱን እየጠበቅን ነው። የእትዬን ደብተር ፈቅደውልን ይዘነው መጥተናል፤ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቱ ወይም እኅቱ በቤታቸው ለነጋዴ የሚሠሩ ሁሉ ሲወጣ አምዶቹን ይገልብጥ፤ እርሳስ አስቀምጠናል።