የሚበላ ዓሣ መንጠቆን ስለምን ይንቃል?

(ለሙያ ማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በምሥራቅ ጎጃም፣ ከየጥኖራ እስከ ብቸናና ሞጣ ባለው አገር፣ ውሃ የሚቋጥረው ጥቁር አፈር ለኩሬ ሥራ የተመቸ ነው። በዚያ አገር አንድ ገበሬ ኩሬ ቆፍሮ፣ የቆሮሶ ጫጩት ጨምሮ፣ ወራት ከጠበቀ በኋላ የድካሙን ፍሬ ሊያይ አንድ ማለዳ ወደ ኩሬው ወረደ እንበል። ጎሕ ገና መቅደዱ ነው። ዓሦቹ በውሃው ገጽ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉ። ገበሬውም «ርቧቸዋል» ብሎ የምድር ትል በመንጠቆ ሰክቶ ይጥላል። ትሉ አጠገባቸው ይወርዳል፤ አንዱም አይነካውም። ሊጥ ይሞክራል፤ እንደዚያው። በመጨረሻ የግብርና ባለሙያውን ጠርቶ «ዓሦቹ ሲበሉ አያለሁ፤ የእኔን ግን አይቀምሱም፤ ምን ይሻለኛል?» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ባለሙያው የሚሰጠው መልስ የኩሬውን ዓሣ ሊያድን ወይም ባንድ ሌሊት ሊያስጨርስ ይችላል። ስለሆነም መልሱ የመንጠቆውን ምግብ ከመለዋወጥ በፊት ከዓሣው አኗኗር መጀመር ይኖርበታል።

በመጀመሪያ የቆሮሶን ማዕድ መመልከት ይገባል። ቆሮሶ በልጅነቱ ጥቃቅን የውሃ እንስሳትን ይበላል፤ ሲያድግ ግን ዋነኛ ምግቡ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ዋቅላሚ ወይም አልጌ ነው። ይህንንም የሚያገኘው ውሃውን በአፉ አስገብቶ በስንጥቡ በኩል በማስወጣት ነው። በአፉ ውስጥ የሚመነጨው ዝልግልግ ፈሳሽ ደቃቁን ዕፅዋት ይይዛል፤ ዓሣውም ጠቅልሎ ይውጠዋል። እንግዲህ በአረንጓዴ ኩሬ ያለ ቆሮሶ በምግቡ መካከል ሲዋኝ ስለሚውል፣ ለአንድ ትል ብሎ መንገዱን የሚለውጥበት ምክንያት ጥቂት ነው። በዚያው ኩሬ አምባዛ ቢኖር ግን በጨለማ ትሉንም ሥጋውንም ያነሣል።

የምግብ ሰዓትም አለ። ሞሪያርቲ የተባለው ተመራማሪ በኡጋንዳ በጆርጅ ሐይቅ አጥንቶ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዚህ ዓሣ የጨጓራ ፒኤች እስከ 1.4 እንደሚወርድና ሰማያዊ አረንጓዴውን አልጌ የሚያልመው በዚህ ብርቱ አሲድ እንደሆነ አስረድቷል። አሲዱ ጨጓራው ባዶ ሳለ አይኖርም፤ ዓሣው በቀን መብላት ሲጀምር ቀስ በቀስ ይበረታል። በኢትዮጵያም ጌታቸው ተፈራ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ የጨጓራ አሲድና የአመጋገብ ሰዓት በ1989 (እ.ኤ.አ.) ጥናት አሳትመዋል። ቆሮሶ በዋናው የቀን በላተኛ ነው።

ጥጋብም መራጭ ያደርጋል። በ1974 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካውያኑ ኧርል ወርነርና ዶናልድ ሆል ብሉጊል በተባለው ዓሣ ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳትመው ነበር። ዳፍኒያ የተባለው ደቃቅ የውሃ እንስሳ ጥቂት በነበረ ጊዜ ዓሣው ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ በላ፤ በበዛ ጊዜ ግን ትልልቁን እየመረጠ ትንንሹን ተወ። ስኪውዝ የተባለው እንግሊዛዊ የትራውት አጥማጅ ከዚህ ቀደም ብሎ በራሱ መንገድ ወደዚሁ ደርሶ ነበር፤ ከያዘው ዓሣ ሆድ ምግቡን በቀጭን ማንኪያ አውጥቶ እየመረመረ፣ ለመንጠቆው የሚሠራውን ሰው ሠራሽ ነፍሳት በዚያው አምሳል ያዘጋጅ ነበር።

የአገሩ ከፍታና የመራቢያ ጊዜም ይቆጠራሉ። ብቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ናቸው። የኩሬው ሙቀት ከ17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ቆሮሶ መብላቱን ከሞላ ጎደል ስለሚያቆም፣ በውርጭ ወራት ጠዋት የተጣለ መንጠቆ ቢናቅ አያስደንቅም። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ዓሣው ይራባል። እንስቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ፣ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ሳትበላ ወይም እጅግ ጥቂት በልታ ትቆያለች።

አሁን ወደ ገበሬው ማለዳ እንመለስ። ከላይ የተዘረዘሩት ምክንያቶች ዓሣው ትሉን የናቀበትን ያስረዳሉ፤ በጎሕ ሰዓት አፉን ከውሃው ገጽ የከፈተበትን ግን አያስረዱም። ቀን ቀን አልጌው በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል። ሌሊት ግን አልጌው ራሱ፣ ዓሣውና በጭቃው ውስጥ የሚበሰብሰው ሁሉ ያንኑ ኦክስጅን ስለሚሻሙበት፣ ከጎሕ በፊት ከሁሉ ሰዓት ይልቅ ያንሳል። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ ውሃው ሲጀመርም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያነሰ ነው። እንግዲህ ገበሬው ረኃብ ነው ብሎ ያየው ትንፋሽ ማጣት ነበር። የሚታፈን ፍጡር ደግሞ ምግብ አያነሣም።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ባለሙያው የዓሦቹን አፍ አይቶ «ምግብ አንሷቸዋል፤ ፉርሽካ ጨምርላቸው፤ ፍግም አክልበት» ያለ እንደሆነ፣ ያልተበላው ፉርሽካና ፍጉ ይበሰብሳሉ፤ መበስበሱም የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በማግስቱ ጠዋት ገበሬው የሚያገኘው ሆዱን ወደ ላይ የገለበጠ ዓሣ ነው። የአንድ ዓመት ድካም፣ በጾም ወራት ገበያ ሊወጣ የታሰበው ሁሉ፣ በአንድ ምክር ይጠፋል። ገበሬውም «ዓሣ በዚህ አገር አይሆንም» ብሎ ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ጎረቤቱም ያምነዋል።

ስለዚህ ባለሙያው ምክር ከመስጠቱ በፊት አንዳንድ ነገር ማጣራት አለበት። ዓሦቹ የታዩት በስንት ሰዓት ነው? በጎሕ ታይተው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ወደ ጥልቁ ከተመለሱ የጎደለው ኦክስጅን ነው፤ ያን ጊዜ ምግብና ፍግ ማቋረጥና ንጹሕ ውሃ ማስገባት ይገባል። ውሃው ምን ይመስላል? ክንድ እስከ ክርን ሲጠልቅ መዳፍ በአረንጓዴው ምክንያት ካልታየ ማዕዱ ሞልቷል፤ ቡናማ ሆኖ ከጋረደ ግን ጭቃ ነውና የአልጌ ብዛት ምልክት አይደለም። የውሃው ሙቀትስ ስንት ነው? ከዚህ በኋላ በመረብ አንድ ዓሣ ተይዞ ሆዱ ቢከፈት ምን ሲበላ እንደነበረ ይታያል። ኩሬን በመንጠቆ መቁጠር አይቻልምና የዓሣው ብዛትና ዕድገትም በመረብ ናሙና ይመዘን።

ቆሮሶን በመንጠቆ መያዝ የፈለገ ገበሬም ተስፋ አይቆርጥም። ፀሐይ ውሃውን ካሞቀች በኋላ፣ ኩሬው ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ጥቂት ምግብ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ቢሰጥ ዓሦቹ ሰዓቱንና ቦታውን ይለምዳሉ። ያንኑ የለመዱትን ምግብ በትንሽ መንጠቆ አድርጎ ቢጥል ያነሡለታል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ገበሬው ባለሙያውን የጠራው ስለ አንድ ትል ነበር። በትሉ ምትክ ሌላ ምግብ ነግሮት የሚመለስ ባለሙያ ጥያቄውን መልሷል፤ ኩሬውን ግን አላየም። በማለዳ ተነሥቶ ከገበሬው ጋር በኩሬው ዳር የቆመ፣ እጁን በውሃው ያጠለቀና ፀሐይ እስክትሞቅ የጠበቀ ባለሙያ ግን የዓሣውን ነፍስና የገበሬውን ተስፋ አብሮ ያተርፋል።